አምስተኛው ክፍለ ጊዜ

ሰኞ፣ የካቲት 3

የማካካሻ ክፍሉ በር ዛሬም አልከፈት አለ። በትከሻዬ ገፋሁት። በዚህ ዕድሜ በር በትከሻ! ክፍል ይሉታል እንጂ የተሰበረ ወንበር የሚጠራቀምበት ጓዳ ነው። መስኮቱ መስታወት የለውም፣ ካርቶን ተለጥፎበታል። ካርቶኑን ካነሳሁት ነፋሱ ወረቀት ይበትናል፤ ከተውኩት ሰሌዳው አይታይም። ዛሬ ጨለማውን መረጥኩ። ነገ ነፋሱን።

ስለ መስታወቱ ለዳይሬክተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኩት። «እናታችን፣ በጀት እኮ የለም» አለና ሳቀ። ይህ ሰው ሳይስቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አያውቅም። «ልጅ ወድቆ ተሰበረ» ብለው ቢነግሩትም ይስቃል። ለራሴ «ሳቂታው» ብዬዋለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ። ባለፈው መስከረም «ወደኋላ የቀሩ ልጆችን የሚያግዝ ፕሮግራም አለ፣ ልምድ ያለው ሰው ይፈለጋል» ብለው ሲልኩብኝ እንደ ሙሽራ ተኳኩዬ ነው የመጣሁት። ሞኝ!

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደወል እንደወትሮው ስድስተኛ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። የማካካሻ ልጆቼ ከኋላ ወንበሮች እየተነሡ ወጡ። የቀሩት በሹክሹክታ «ወጪዎች... ወጪዎች...» ይሏቸዋል። የክፍሉ መምህር ሰምቶ እንዳልሰማ ከረባቱን ያስተካክላል። ሙቀት የለ ብርድ የለ፣ ከረባቱን አይፈታም። ለእሱም ስም አውጥቼለታለሁ። ከረባት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ከፕሮግራሙ አዲስ መጽሐፍ መጣ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዳክዬ ሥዕል፣ ከሥሩ «ዳክዬ»። እነዚህ ልጆች እኮ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው! ረጅሙ ልጅ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ጺም ሊያበቅል ደርሷል። መጽሐፉን ገለጥ አደረገና፣

«ቲቸር፣ ይቺ ዳክዬ ባለፈው ዓመትም ነበረች።»

«ዘንድሮ አላደገችም?»

«አላደገችም። እኛም አላደግንም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አላሳቀኝም።

«ችኩሏ» የምላት ልጅ እንደ ልማዷ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሰች። ትክክል ነበረች። ሁልጊዜም ትክክል ናት። የእኔ ደንብ ግን አንድ ነው፤ የመጨረሻው ልጅ ሳይገባው ገጽ አይገለጥም። ስለዚህ ትጠብቃለች። እግሯን እያወዛወዘች፣ ጠመኔ ቁራጭ በጣቷ እያሽከረከረች።

ዛሬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ ግን ምን ጎድሎኝ ነው የሚካካስልኝ?»

«ትዕግሥት» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መልስ ነበር እንዴ? አልነበረም። ፌዝ ነው። ልጅ በቁም ነገር ሲጠይቅ በፌዝ መመለስ... ሌላ አስተማሪ እንዲህ ሲያደርግ ባይ ስንት ቀን አኮርፈው ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

መዝገብ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ችኩሏ አምና በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ናት። ማን ፈተናት? ማንም። «ታዲያ ማካካሻ ውስጥ እንዴት ገባች?» ጸሐፊዋ ጥፍሯን እየሞረደች፣ «ታች ሰፈር ነዋ የሚኖሩት» አለችኝ። ታች ሰፈር ማለት በቃ ይህ ነው። ከዚያ የመጣ ልጅ ጎዶሎ ነው ተብሎ ይመዘገባል፤ ጎዶሎውን ደግሞ እኔ እንድሞላ ተቀጥሬያለሁ።

ሰኔ ላይ የስድስተኛ ክፍል ፈተና አለ። ያለፈ ላይኛው ትምህርት ቤት ይገባል። የወደቀ... ታች ሰፈር ውስጥ ወድቆ ሁለተኛ የሚፈተን የለም። ሥራ ይገባል።

አርብ፣ የካቲት 14

የችኩሏ እናት መጣች። ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት። እጇ በሳሙና ተልጧል። ገና በሩ ላይ ጎንበስ ብላ እጄን ልትስም ስትል አስጣልኳት።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ከዚያ ሁሉ ልጅ መርጠው ልዩ ክፍል አስገቡልኝ።»

ልዩ ክፍል!

«ጎረቤቶቼን አስቀናኋቸው። ‹የእኔ ልጅ ለብቻዋ አስተማሪ አላት፣ ያውም አንጋፋ› ብዬ። እሷ ደግሞ ነጋ ጠባ ታማርራለች፤ ጥጋብ ነው እላታለሁ።»

«ሰኔ ላይ ብታልፍ...» አልኳት።

«ካለፈች እሰየው! ካላለፈችም ችግር የለም፣ ከጎኔ አንድ የማጠቢያ ገንዳ አስይዤላታለሁ። አለቃዬ እሺ ብሎኛል።»

ከእናቷ ኋላ ቆማ የነበረችው ችኩሏ አየችኝ። ገንዳውን ታውቀዋለች ማለት ነው። ለምን እንደምትቸኩል አሁን ገባኝ።

ለእናትየው አልነገርኳትም። እንዲያ በደስታ የሞላ ፊት ላይ ምን ይባላል? ሻይ ጋብዤ ሸኘኋት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

እራት ላይ። የምኖረው ሴት ልጄ ቤት ነው፣ የኋለኛዋ ክፍል ውስጥ። የልጄ ልጅም እዚያው ከረባት ክፍል ናት፣ ከፊት ሁለተኛው ወንበር። ዳቦዋን እያላመጠች፣

«እማማ፣ ያንቺዎቹ ሲወጡልን ደስ ይላል» አለች።

«ለምን ደስ ይላል?»

«ቲቸር በሩን ይዘጋና ‹አሁን እንማር› ይላል።»

ማንኪያዬን አስቀመጥሁ።

«ምን ትማራላችሁ?»

«አዲሱን ነዋ! እነሱ ሲመለሱ መልመጃ እንገለብጣለን።»

ልጄ በጠረጴዛው ማዶ ሾርባ እየጨለፈች ነበር። ቀና አላለችም። ታውቅ ነበር? ቀና ስላላለች ታውቅ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

በሕፃን ቃል ሰው አይከሰስም፣ በዓይኔ ልይ አልኩ። ልጆቼን ጸጥ ብላችሁ አንብቡ ብዬ ትቻቸው ወጣሁ። በኮሪደሩ ሄድኩና በስድስተኛ ክፍል መስኮት አየሁ።

ሰሌዳው ጢም ብሏል። መቶኛ። ክፍልፋይን ወደ መቶኛ መለወጥ፣ በሁለት ዓይነት መንገድ። ጥሩ አድርጎ ነው የሚያስተምረው፣ ሐሰት አልናገርም። ድምፁ እንኳ ሌላ ነው። እጁን እያወናጨፈ፣ እየቀለደ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ይህን ሰው አላውቀውም ነበር!

ደወሉ ሳይደወል ሰሌዳውን ጠራረገው። የእኔዎቹ ሲገቡ «ገጽ ገልብጣችሁ መልመጃውን ጻፉ» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ችኩሏ በሩ ላይ ቆማ ሰሌዳውን አየችው። የተጠረገ ሰሌዳ ላይ እርጥቡ ሲደርቅ የሚቀር ነጭ ነገር አለ። እሱን ለማንበብ ትሞክራለች።

ፈተናው ግማሹ መቶኛና ምጥጥን ነው። እኛ ዳክዬ እናነባለን።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከረባትን ያዝሁት። ዙሪያውን ሰው ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም።

«አዲስ ትምህርት ልጆቼ ሲወጡ ነው የምታስተምረው?»

«እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ መጀመሪያ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እሺ። አዎ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። አራተኛውም፣ አምስተኛውም። እርስዎ ስልሳ ልጅ አንድ ላይ አስተምረው ያውቃሉ?»

«ስልሳ አምስት።»

«ዱሮ ነው! ዱሮ ልጅ ይፈራ ነበር። የእርስዎዎቹ ሲወጡ ክፍሉ ይተነፍሳል። እኔም እተነፍሳለሁ። በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ነው አስተማሪ የምሆነው፤ ሌላውን ጥበቃ ነኝ። እሱንም ይቀሙኝ?»

«እነሱስ መቼ ይማሩ?»

«እርስዎ ጋ ነዋ! ለዚህ አይደል የመጡት?»

ከጥጉ ሌላዋ መምህርት ሻይዋን እያማሰለች፣ «ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ሲፈታ ሥራ ይፈጥራል» አለች። ሳቁ። አንዱ እንኳ አላፈረም። ለካ ይህ የአንድ ሰው ስንፍና አይደለም፣ የቤቱ ልማድ ነው። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ወይስ... በር ላይ ቆሜ የማወጣቸው እኔ ሆኜ ሳለሁ እንዴት አላወቅሁም?

አርብ፣ የካቲት 21

ሳቂታው ቢሮ። ሰዓቱን ለውጡልኝ አልኩ። ስፖርት ሲኖራቸው ይውጡ፣ ወይም ከትምህርት በኋላ ይቆዩ።

«እናታችን፣ ስፖርት የልጅ መብት ነው። ከትምህርት በኋላ ደግሞ ጥበቃው በር ይዘጋል። ሃሃ።»

«ሒሳብ መብት አይደለም?»

«የፕሮግራሙን ስም ይመልከቱት። ማካካሻ ነው። ይካካሳል።»

«ምኑን ነው የማካክሰው? አዲሱን ጉድለት እኮ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ የምንፈጥረው እኛው ነን። ዘንድሮ ሒሳብ ያመልጣቸዋል፣ ከርሞ የሒሳብ ማካካሻ ብላችሁ ከንባብ ታወጧቸዋላችሁ።»

ሳቀ። «ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የሒሳብም ይጨመራል!»

ይህን ሰው ምን ይሉታል? ቢቆጣ እኮ ደስ ባለኝ። በቁጣ ላይ መቆም ይቻላል። ሳቅ ላይ ያንሸራትታል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ልጄ ሰምታለች። የወላጅ ኮሚቴ አባል ናት፣ ሁሉን ትሰማለች። ልብስ እያሰጣች ጀመረችኝ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ሰው ፊት የምታዋርጂኝ?»

«ማን አዋረደሽ?»

«ሰዓቱ ከተለወጠ እነዚያ ልጆች ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ናቸው። ክፍሉ ገበያ ይሆናል። የኔ ልጅ በምን ታልፋለች?»

«እነሱስ በምን ያልፋሉ?»

«የራሳቸው እናት የላቸውም? እነሱ ያስቡ! አንቺ የማን አያት ነሽ?»

እርጥብ አንሶላ በመካከላችን ተሰጥቶ ነበር። ፊቷን አላየሁትም። ድምፅዋ ግን ትንሽ ሆና መጫወቻዋን ስትቀማ የምታሰማው ነው።

«ቤቴ እየኖርሽ ልጄን ልትጎጂ?» አለች በመጨረሻ።

ቤቴ። እሺ። ወደ ኋለኛዋ ክፍል ገባሁ። በቀን መጋረጃውን ዘጋሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ተደወለ። ሄጄ አወጣኋቸው። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

አልቻልኩም። ታች ሰፈር ወርጄ ለችኩሏ እናት ነገርኳት። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፣ ንጹሕ፣ የሳሙና ሽታ። ታናሽ ሴት ልጇ መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማ ትጠርጋለች። ሁሉንም አስረዳኋት። ልዩ ክፍል እንዳልሆነ። ልጅቷ ሳትፈተን እንደገባች። እሷ ስትወጣ የቀሩት አዲሱን እንደሚማሩ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣

«እትዬ፣ ከክፍል የሚያወጣት ማነው?»

«ደወሉ ሲደወል...»

«ደወሉ እጅ አለው? ማነው መጥቶ የሚወስዳት?»

«እኔ።»

«ታዲያ ማንን ሊከሱልኝ መጡ?»

ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ። የጋበዝኳትን ሻይ በልቧ የመለሰችልኝ መሰለኝ። ተሳደበች? አልተሳደበችም። ቢሆንም በሕይወቴ እንዲህ የሰደበኝ የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ደወሉ ሲደወል እንደወትሮዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ልጆቼ ሊነሡ ሲሉ «ቁጭ በሉ» አልኳቸው። ገባሁ። ከኋላ፣ ከረጅሙ ልጅ ጎን ተቀመጥሁ። ወንበሩ ለእኔ ዳሌ አልተሠራም።

ስልሳ ልጅ ዞሮ አየኝ። የልጄ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች።

ከረባት ጠመኔውን ይዞ ቀረ። «እትዬ... ሰዓቱ ደርሷል።»

«አውቃለሁ። እኔም ልማር መጣሁ። አሁን እንማር።»

ቃሉን ከእኔ አፍ ሲሰማ አንገቱ ድረስ ቀላ። ከዚያ ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ። «መልካም። መጽሐፍ አውጡና መልመጃውን ገልብጡ።»

ሰሌዳውን ባዶ ትቶት ተቀመጠ። እስከ ደወል አልተነሣም። እኔም አልተነሣሁም።

አርብ፣ መጋቢት 5

ያው። እሱ አያስተምርም፣ እኔ አልወጣም። ሰሌዳው ባዶ። ልጆቹ የገለበጡትን እንደገና ይገለብጣሉ። ረጅሙ ልጅ በጆሮዬ፣ «ቲቸር፣ ዳክዬዋ ትሻል ነበር» አለኝ። በክርኔ ጎሸምኩት።

ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ የለም። ልጄ ሳህኔን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ድም! የልጄ ልጅም አኩርፋለች። «ባንቺ የተነሣ ምንም አልተማርንም።» እውነቷን ነው። ሌላውን ለማስተማር ብዬ ሁሉንም ደንቆሮ ላደርግ ነው? ሦስት ቀን ሆነ። ትዕግሥት ልማዴ ነው፣ ይህ ግን ትዕግሥት ነው ወይስ እልኸኝነት?

ሳቂታው በኮሪደሩ አለፈ። በመስኮት አየን። ሳቀ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ዛሬ ተሰበረ።

የልጄ ልጅ ከሁለተኛው ወንበር ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ይህን እኮ ሦስት ጊዜ ገለበጥነው። መቼ ነው የምንማረው?» ከወዲያ አንዱ ተነሣ፣ «አዎ መቼ ነው?» ከኋላ ችኩሏ፣ «እኛም ጠይቀን ነበር!» ክፍሉ ገበያ ሆነ። ልጄ የፈራችው ገበያ። ያስነሣችው ግን የእሷው ልጅ ናት።

ከረባት ከረባቱን ፈታ። በሰው ፊት ሲፈታው ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቹ ሲወጡ ወደ እኔ መጣ። እጣላለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ።

«እትዬ፣ ምን ይሁን ነው የሚሉት? ስልሳውን አንድ ላይ አልችልም። ይግደሉኝ፣ አልችልም።»

ደክሞታል። ደካማን መማታት ደግሞ አልወድም። ስለዚህ ስድስት ሌሊት ያብሰለሰልኩትን ነገርኩት። በሰፈር አንከፍልም። በወንበር እንከፍላለን። በመስኮት በኩል ያለው ረድፍ ከእኔ ጋር ይወጣል፣ በበር በኩል ያለው ከአንተ ጋር ይቀራል። በማግሥቱ እንገለብጣለን። ሁለታችንም ያንኑ አዲስ ትምህርት እናስተምራለን። ዳክዬዋ ጡረታ ትወጣለች።

«ሠላሳ ልጅ?» አለ።

«ሠላሳ።»

«በየቀኑ ሠላሳ ብቻ?» ዓይኑ እንደተራበ ሰው ሆነ። «ዳይሬክተሩስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ደግ ሰው ሆኖ አይደለም የተስማማው። ሠላሳ ልጅ አማለለው። ይሁን። ደግነቱን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው የምፈልገው።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

በመስኮት በኩል ያሉትን ወሰድኩ። የልጄ ልጅ እዚያው ውስጥ ናት። ረድፍ ረድፍ ነው፣ እኔ አልመረጥኩም።

ጓዳው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ካርቶኑን አየች፣ የተሰበሩትን ወንበሮች አየች። «እማማ... እዚህ ነው የምታስተምሪው?»

«እዚህ ነው።»

«በየቀኑ?»

ነፋስ ይሻላል ብዬ ካርቶኑን አነሳሁት። የልጄ ልጅ ትከሻዋን እያሸች ተቀመጠች። ችኩሏ ሹራቧን አውልቃ ወረወረችላት። «እኛ ለምደነዋል» አለች። ደግነት ነው ወይስ ጉራ? ሁለቱም።

መቶኛ አስተማርኩ። ችኩሏ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሰች። ከዚያ ደግሞ የልጄ ልጅ። ከዚያ ሁለቱ መሽቀዳደም ያዙ። ደንቤን ረሳሁትና ገጽ ገለጥኩ! ያልገባቸውን ሁለት ልጆች ለችኩሏ ሰጠኋት። «ቀስ ብለሽ፣ እንዲገባቸው አድርጊ።» ቀስ ስትል አየኋት። ትችላለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ማዕበል። ልጄ ሥራዋን ትታ ትምህርት ቤት መጣች።

«ልጄን ጓዳ ውስጥ?! ብርድ መቷታል፣ ሌሊቱን ስታስል አደረች!»

ሳቂታው ከጎኗ ቆሟል። «እናታችን፣ ክፍሉ ለፕሮግራሙ ልጆች ብቻ የተፈቀደ ነው። ሌሎቹ አይገቡም።»

«የፕሮግራሙ ልጆችም አሉበት። ሌሎቹ ለምን አይገቡም?»

«ለልጅ የሚመች አይደለማ!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ የተናገረውን እራሱ ሰማው መሰለኝ፣ ሳቁን አሳጠረ። ልጄም ሰማችው። ዞራ ጓዳውን አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ። ችኩሏ ከበሩ ሥር ቆማ ነበር፣ ልጄን ከእግር እስከ ራስ ትመለከታታለች። ልጄ ዓይኗን አሸሸች።

«ሰዓቱን እንደነበረ መልሱልኝ» አለች ልጄ፣ ድምፅዋ ወርዶ።

ከረባት ከኋላችን መጣ። «እኔ ስልሳውን አልቀበልም» አለ። በቃ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከእሱ አልጠበቅሁም ነበር። ሠላሳው ጥሞታል!

አርብ፣ መጋቢት 19

ጠዋት ደርሼ በሩን በትከሻዬ ልገፋ ስል ተከፍቶ ወደቅሁ ማለት ይቀላል። ማጠፊያው ተቀይሯል። ውስጥ ልጄ ሜትር ይዛ መስኮቱን ትለካለች። አንድ መስታወት ሠሪ ከጎኗ።

«ስንት በስንት ነው?» ትለዋለች። እኔን ሰላም አላለችኝም።

እስከ እኩለ ቀን መስታወቱ ገባ። የተሰበሩት ወንበሮች ወጡ። ሳቂታው ሁለት ጊዜ እየመጣ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» አለ። በጀት? ማን ስለ በጀት አነሣ! እኔ ሦስት ጊዜ ለምኜ ያጣሁትን ልጄ አንድ ቀን ሳትሞላ አስገባችው። ለእኔ ብላ አይደለም። ለችኩሏም አይደለም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ? ሁለቱንም አደረግሁ።

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የእኔ ተረኞች ገቡ። ረጅሙ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ቲቸር፣ ክፍል ተሳስተናል» አለ። ችኩሏ መስታወቱ ላይ ተንፍሳ በጣቷ «25%» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ¼። አልቆጣኋትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ምጥጥን ጨረስን። የልጄ ልጅ ችኩሏን ቤት ልታመጣት ፈለገች። ልጄ «አይሆንም» አለች። ዝም ብያለሁ። ዛሬ ዝም የምለው ሰኔ እስኪያልፍ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ፈተና። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ትንሽ ራቅ ብላ የችኩሏ እናት ቆማለች፣ የሥራ ሽርጧን እንደለበሰች። አልተነጋገርንም። ደወሉ ሲደወል እኩል ደነገጥን።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ውጤት ተለጠፈ። ችኩሏ አልፋለች! የልጄ ልጅም። ከእኔዎቹ ከግማሽ በላይ። ረጅሙ ልጅ ወድቋል። በጥቂት ነጥብ። አጥሩ ሥር አገኘሁት። «ዳክዬዋ ብቻዋን እንዳትቀር ነው ቲቸር» አለኝ። መሳቅ ፈለገ፣ አልቻለም። ወንድሙ ጋራዥ ይወስደዋል። ከየካቲት በፊት ባወቅሁ ኖሮ... ይህን አልጨርሰውም።

በሩ ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ «የማካካሻ ፕሮግራማችን ፍሬ!» ሳቂታው ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ጠራኝ። «እናታችን፣ ከርሞ አብረን ነን። ክፍሉም አምሯል፣ እንግዲህ እንደ ጥንቱ እናደርጋለን። የታች ሰፈሮቹ ወደ እርስዎ። ሃሃ።»

«ከረባትስ... መምህሩስ?»

«ወደ ሦስተኛ ክፍል አዛውረነዋል።»

ለሁለት ሆነን የሠራነው ነገር በአንድ ወረቀት ፈረሰ። መስታወቱ ብቻ ቀረ። ከርሞ አልሠራም አልኩት። «ያስቡበት» አለና ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ምዝገባ። ቦርሳና መነጽሬን ከጓዳው ልወስድ ሄጄ ነበር፤ ለሌላ አልነበረም።

ግቢው በወላጅ ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ልጄ ተቀምጣለች፣ ኮሚቴ ናትና ትመዘግባለች። ከኋላዋ ሳቂታው። ተራው የችኩሏ እናት ደረሰ። ታናሽ ልጇን በእጇ ይዛለች፣ ያቺን ጫማ ትጠርግ የነበረችውን። ልጅቷ አራተኛ ልትገባ ነው።

ልጄ ሳታያት፣ «ሰፈር?» አለች።

«ታች።»

«ማካካሻ ክፍል ነው የምትመደበው።»

«ተፈትናለች?»

ልጄ ቀና አለች።

«አልተፈተነችም» አለች የችኩሏ እናት፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። «ይሁን እሺ። በስንተኛው ክፍለ ጊዜ ነው የምታወጧት? እሷ ስትወጣ የቀሩት ምን ይማራሉ?»

ያስጠናኋት ይመስላል እንዴ? አላስጠናኋትም። በሩን ከፍታ ካስወጣችኝ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ልጄ በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝ፣ ከሰው ሁሉ መሀል። ምን እንደሚማሩ እሷ ታውቃለች። ከማንም በላይ ታውቃለች። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ኋላዋ ዞረች።

«እስቲ መልስላት» አለችው ሳቂታውን።

ከሰልፉ ውስጥ ሕፃን ያዘለች ሌላ ሴት አንገቷን አሰገገች። «የእኔስ ልጅ? የእኔስ በስንተኛው ነው የሚወጣው?» ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ፣ «የእኛም ይነገረን።» ሰልፉ መሰለፉን ተወ።

ሳቂታው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰዓቱን... እንደገና እናየዋለን» አለ።

ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ። አልሳቀም።

ቦርሳዬን ጓዳው ውስጥ ትቼው መጣሁ። መስከረም ላይ እዚያው ያስፈልገኛል።